ልኩን ያለፈው ሬዲዮ

የልጅ ልጆቼ ሬዲዮ ሲከፍቱ ተነስቼ ስወጣ እያዩ «አባባ ጩኸት አይወድም» ይላሉ። ተሳስተዋል። ቂርቆስ መሃል ኖሮ ጩኸት የማይወድ ሰው የት ሊኖር ነው? እኔን የሚያስወጣኝ ሌላ ነው። ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ጆሮዬ ወሬውን ትቶ ድምፁን ይመረምራል። «ስ» በደንብ ይሰማል? «ሽ» ደብዝዟል? ይህን ልማድ ያተረፍኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ነገር ለሚስቴም ለወንድሜም ሳልነግር ሁለቱም አለፉ። ዛሬ እናንተ አንባቢዎች ስሙኝ።

ጊዜው ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ቆይቶ፣ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት የጀመረበት ነበር። ያኔ እኔ ጥላሁን ማለት ገና ትዳር የጀመረ፣ እጁም ምላሱም ሥራ የማይፈቱ ጎረምሳ ነው። ከወረራው በፊት የቴሌግራም ሥራ እማር ነበር፤ ጣሊያን ሲገባ ትምህርቱ ቀረ፣ ሆድ ግን አልቀረም። አሁን ካዛንቺስ የምትሉት ሰፈር ጣሊያኖች ለሠራተኞቻቸው ቤት የሚገነቡበት፣ አሸዋና ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ነበር። ከአዲሶቹ ቤቶች አጠገብ አንድ ሲኞር የሬዲዮ መጠገኛ ከፍቶ ነበርና እዚያ ተቀጠርኩ። ያስቀጠረኝ ደምሴ ነው።

ደምሴ ሚዜዬ ነው። ዛሬ ዛሬ ሚዜን ከረባት አስሮ ፎቶ የሚነሳ ሰው አድርጋችሁታል። በእኛ ጊዜ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ይሆናል። ባል ቢበድላት የምትሄደው ወደ እሱ ነው፤ ብትታመም፣ ብትወልድ፣ ቢከፋት እሱ አለ። አስናቀችን ሳገባ ደምሴ በአባቷ ፊት ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ» ብሎ ምሎላታል። እሷም አመነችው፤ ከእኔ አብልጣ ሳታምነው አትቀርም። እኔም ብሆን ደምሴ ካለ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም ነበር። ጠዋት ወደ ካዛንቺስ አብረን እንወጣለን፣ ማታ ወደ ቂርቆስ አብረን እንወርዳለን፣ በመጠገኛው ውስጥም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበርን።

ሲኞሩ ከሚጥላቸው ዕቃዎች እየለቃቀምኩ አንድ ሬዲዮ ሠርቼ ነበር። አበሻ ቤት ሬዲዮ መገኘት ያኔ ወህኒ ያስወርዳል፤ የእንግሊዞችን ወሬ ሲሰማ የተገኘማ ጉዱ ፈላ። የእኔ ሬዲዮ አንድ ቫልቮላ ብቻ ነበረው። ቫልቮላ ማለት የዚያን ጊዜ ሬዲዮ ልብ ነው፤ አምፖል ይመስላል፣ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ አጠንክሮ ይሰጣል። አንድ ቫልቮላ ግን ብቻውን ከባሕር ማዶ የመጣ ድምፅ ለማጠንከር አቅም የለውም። ዘዴው ጉርሻ ነው። ካጠነከረው ላይ ጥቂት ቆርሰህ መልሰህ ታጎርሰዋለህ፤ የጎረሰውን ደግሞ ያጠነክራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ያ እንደ ትንኝ የነበረ ድምፅ ሰው ይሆናል።

ጉርሻ ሲበዛ ግን እንደሚያንቅ ታውቃላችሁ። ድምፁ በጎላ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ ይቀራሉ፤ እነ «ስ»፣ እነ «ሽ»፣ እነ «ፍ»። ተናጋሪው በሶ ጎርሶ የሚያወራ ይመስላል። ጉልበትና ጥራት አብረው አይሰጡህም፤ አንዱን ስትጨምር ከሌላው ትከፍላለህ። ከልኩ አልፈህ ብታጎርሰው ደግሞ ሬዲዮው ራሱ መዝፈን ይጀምራል። ዘፈኑ በአንቴናው ሽቦ ወጥቶ ሰፈሩን ይዞራል፤ ሬዲዮ ያለው ሌላ ሰው እንደ ፉጨት ይሰማዋል። ሰሚ የነበረው ዕቃ ጠሪ ሆነ ማለት ነው።

የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ስለነበር አንድ ሰው ብቻ ጆሮው ላይ ቢያደርገው ትንሽ ጉልበት ይበቃው ነበር። የእኛ ሰው ግን እንግዳ ተቀምጦ ብቻውን አይበላም፤ ወሬስ ብቻውን እንዴት ይሰማል? ማዳመጫውን የመዳብ ሳህን ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ሳህኑ ድምፁን ሰብስቦ ለቤቱ ሁሉ ያዳርሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ «ትንሽ ጨምርበት» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ እኛን አደጋ ላይ የጣለን ደግነታችን ነው።

የምንሰበሰበው በጽዋ ማኅበር ነበር። በየወሩ በቂርቆስ ዕለት አንዱ ማኅበርተኛ በተራው ይደግሳል፤ ሲያበቃ ባለተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ፣ ማኅበርተኛው እየዘመረ እስከ ቤቱ ያጅበዋል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ወደ ከሰዓት በኋላ አምጥተነው ነበር። ሬዲዮውም ከጽዋው ጋር ይዞራል፤ በዳቦው ቅርጫት ታች፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። ጽዋ የተሸከመን ሰው የጣሊያን ወታደር የሆነ አበሻ እንኳ ቆቡን አውልቆ ያሳልፈዋል እንጂ አይፈትሽም።

ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ሲኞሩ አንድ የጭነት መኪና አምጥቶ እኔና ደምሴን ሬዲዮ አስገጠመን። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር የሽቦ ቀለበት አለው። ቀለበቱን እያዞርክ ስትሰማ የሚዘፍን ሬዲዮ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁምሃል፤ ቦታ እየቀየርክ ስትደጋግመው በሩ ድረስ ያደርስሃል። ሁለታችንም ለማን እንደሚሠራ ገብቶናል።

የዚያን ሰሞን ሬዲዮዬን ልጓም አበጀሁለት። ውስጡ በሸምበቆ ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች አሉ፤ አንደኛው አጉራሹ ነው። ሲቀራረቡ ጉርሻው ይበዛል፣ ሲራራቁ ይቀንሳል። አራርቄ በአስናቀች ጥቁር ክር ጥብቅ አድርጌ አሰርኳቸው። ማዞሪያው ላይም ከልኩ እንዳያልፍ ሚስማር መታሁ። «ከእንግዲህ ሰይጣን ራሱ ቢያዞረው አይዘፍንም» ብዬ ለደምሴ አሳየሁት። ለሌላ ሰው አላሳየሁም።

በዚያ ወር ተረኛው እኔ ነበርኩና ጽዋው ካለፈው ወር ጀምሮ እኔ ቤት ነበር፤ ሬዲዮውን ግን ልጓም ካበጀሁለት ወዲያ ደምሴ «እኔ ጋ ይደር» ብሎ እስከ ድግሱ ቤቱ አክርሞታል።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጌታሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጫካ ነው። ጣሊያን ስሙን ያውቀዋል፤ ቢይዘው ፍርድ ቤት አያሻውም፣ ገመድ ብቻ ይበቃል። በዚያ ሰሞን አብረውት ካሉት አርበኞች ጥቂቶቹ ተሰላችተው «ምሕረት ይሰጠናል፣ እንግባ» ማለት ጀምረዋል። እንግሊዞች መነሳታቸው እውነት መሆኑን በጆሮው ሰምቶ ሄዶ ሊነግራቸው ፈለገ። በሰው ወሬ የሚያምን ሰው አልነበረም። ድርቆሽ ሻጭ መስሎ በአቃቂ መንገድ ገባ፤ መንገድ ላይ ተቀብሎ እስከ ቤቴ ያመጣው ደምሴ ነው።

ማኅበርተኛው ገብቶ፣ የማኅበሩ ቄስ አባታችን ባርከው፣ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ሬዲዮውን ከቅርጫቱ አወጣሁት። ደምሴ ከእጄ ተቀበለኝ።

«አንተ ዛሬ ጋባዥ ነህ፤ እንግዳህን አስተናግድ። እኔ እከፍተዋለሁ» አለ።

እውነቱን ነው፤ የጽዋ ተረኛ አይቀመጥም። የሰባት ወር እርጉዝ የሆነች ሚስቴን ደግሞ ጋን ላሸክማት አልችልም። ጠላውን ልቀዳ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከኋላዬ አጭር ፉጨት የሰማሁ መሰለኝ፤ ወዲያው ጠፋ፤ ቀጥሎ የእንግሊዝኛው ወሬ ተንቆረቆረ። እንደዚያን ቀን ጎልቶ አያውቅም። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው።

ማሰሮውን ይዤ ስመለስ አቶ ይልማ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ እንግሊዝኛውን እየሰሙ በአማርኛ የሚነግሩን ሰው ናቸው። የሚቀጥለው ወር ተረኛም እሳቸው ነበሩ።

«ጦራቸው ተንቀሳቅሷል ነው የሚለው» አሉ። «በሱዳን በኩል። የኛም ሰዎች አብረው አሉ ይላል።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለ ጋሼ ጌታሁን።

«እንደ ዛሬ ጎልቶ ሰምቼው አላውቅም ልጄ።»

ጋሼ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበው፤ ማልቀሱ ነው መሰለኝ። እኔ ግን ማሰሮውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ድምፁ ወፍሯል። ሰውዬው በሶ ጎርሷል። «ስ» የሚባል ነገር ጠፍቷል። እንዲህ የሚሆነው ጉርሻው ከልኩ ሲያልፍ ብቻ ነው። ማዞሪያውን ባይ ከሚስማሩ እንኳ ገና አልደረሰም፤ በቦታው ነው። ማዞሪያው በቦታው ሆኖ ድምፁ ከቦታው ከወጣ የተነካው ከውስጥ ነው።

አጎንብሼ እንደሚቀዳ ሰው መስዬ የአንቴናውን ጫፍ በእርጥብ ጣቴ ነካሁት። «ጧ» አለ ሳህኑ። ጣቴን ሳነሳ ደግሞ «ጧ» አለ። እንዲህ ሁለቴ የሚመልስ የሚዘፍን ሬዲዮ ብቻ ነው። ከጣቢያው ድምፅ ጋር ገጥሞ ስለዘፈነ ነው ለእኛ ፉጨቱ ያልተሰማን፤ ቀለበት ላለው መኪና ግን እየጠራነው ነበር። በሳጥኑ ጀርባ አጮልቄ አየሁ። ጥቅልሎቹ ተጣብቀዋል። ያሰራቸው ክር ነጭ ነው።

ቀና ስል ቤት ሙሉ ሰው ሳህኑን ያያል፤ ደምሴ ግን በሩን ያያል።

ያኔ የተሰማኝን በትክክል ልንገራችሁ። ቁጣ አልነበረም። እፍረት ነበር። ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ ያህል አፈርኩ፤ ለምን እኔ እንዳፈርኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲባል እሰማ ነበር፤ የወደቀው ሰው መጀመሪያ ግራ ቀኝ የሚያየው ማን አየኝ ብሎ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። መኪናውን የገጠምኩት እኔ ነኝና አሠራሩን አውቃለሁ። ሬዲዮውን ባጠፋው ፍለጋው ይጠፋባቸዋል፤ ያን ጊዜ ሰፈሩን በወታደር ከበው ቤት ለቤት ይገባሉ፣ ጋሼም ከመንገድ አያልፍም። ከዘፈነላቸው ግን ወደ አንድ በር፣ ወደ እኔ በር ነው የሚመጡት። ሌላው መንገድ እስከዚያ ክፍት ነው።

የእጅ ውሃ ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይታጠቡ» አልኩ፤ ውሃውን እያፈሰስኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቤቱ ታውቋል። ጽዋው አሁን ይነሣል። የዳቦውን ቅርጫት በራስዎ ይሸከሙና መሃል ይሁኑ» አልኩት።

ፊቱ አልተለወጠም። ጫካ የኖረ ሰው ፊት እንዲህ ነው።

«ማን ነው ያወጣው?»

ደምሴ ከእኛ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። የጋሼ ሽጉጥ የት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ጥይት ቢጮህ ሁላችንም አበቃልን።

«ሰው አይደለም» አልኩት። «መሣሪያው ነው።»

አባታችን ጸሎቱ ሳያልቅ ጽዋ ማንሳቱ አልተዋጠላቸውም። «ምን ያስቸኩላል ልጄ?» አሉ። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ ብዬ ለመንኳቸው፤ አሳጥረው ባረኩ። አቶ ይልማ ጽዋውን ተቀበሉ። ጋሼ ቅርጫቱን ራሱ ላይ አድርጎ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። አስናቀች «እኔም እሸኛለሁ» ስትል ደስ አለኝ፤ ቤት እንድትቀር ከቶ የማልፈልጋት ሰው እሷ ነበረች። ደምሴም ከሰው ጋር ተነሣ።

ክንዱን ያዝኩት። «አንተ የት? ሚዜ ሙሽራውን ጥሎ አይወጣም።»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። እጄን ለማስለቀቅ ሞከረ፤ አልለቀቅኩም። እልልታውና ዝማሬው በቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እየራቀ ሄደ፤ እኛ ሁለታችን ከሚዘፍነው ሬዲዮ ጋር ቀረን።

በሩን ዘግቼ ጀርባዬን አስደገፍኩበት።

«ጥላዬ፣ ምን ሆነሃል? ሰዉ ምን ይለናል?» አለ።

«ጥቁሩ ክር የት ሄደ?»

«የምን ክር?»

«እኔ በጥቁር ነበር ያሰርኩት።»

ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። እንግሊዙ በሳህኑ ውስጥ መለፍለፉን ቀጥሏል፤ የሚተረጉምልን ግን የለም።

«አጥፋው ጥላዬ» አለ በመጨረሻ።

«ለምን? አንተ አይደለህ የከፈትከው?»

«በቃ፣ አንተን አይነኩህም። ሲኞሩ ቃል ሰጥቶኛል። ሠራተኛው ነህ፣ ይፈልግሃል። ማለቴ ትንሽ ቀን ታስረህ ትወጣለህ።»

«ጋሼስ?»

«ጋሼ መቼም አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ዛሬ ባይሆን ነገ ነው። የሄደበት መንገድ እኮ ነው።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጣሊያን አይወጣም ጥላዬ። ቤቶቹን አታያቸውም? በድንጋይ ነው የሚሠሩት። ሊሄድ ያሰበ ሰው በድንጋይ ይሠራል? ከአንዱ ቪላ ጓሮ ክፍል ሰጥተውኛል፤ ውሃ አለው፣ መብራት አለው። ለአንተም እጠይቃለሁ።»

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ያን ወሬ ከእኛ ጋር በየወሩ ሲሰማ የኖረ ነው። ሰምቶ ሰምቶ ያመነው ድንጋዩን ነው።

«ብትጠቁም ኖሮ ባለቀ» አልኩት። «ቤቱን ታውቀዋለህ። ጋሼን በእጅህ ነው ያመጣኸው። ይህን ሁሉ ለምን ደከምክ? ለምን ሬዲዮዬን?»

«ሰው ጠቆመ እንዳይባል ነዋ። የጋሼ ሰዎች አይለቁኝም። መሣሪያው ነው ያስያዘው ቢባል ማን ማንን ይጠይቃል?»

«መሣሪያውን የሠራው ማን ነው?»

አስቦት እንደነበር ከፊቱ አነበብኩ። ጋሼ ይሰቀላል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ «ወንድሙን የበላው ያ የጥላሁን ሬዲዮ ነው» ይላል፤ እኔም እስክሞት ያንን ተሸክሜ እዞራለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያጽናናኛል። ከሁሉም የቆረጠኝ ይኼ ነው። ወንድሜን መሸጡ አንድ ነገር ነው። ደሙን በእጄ ሊቀባ ማሰቡ ሌላ ነው። ያኔ ነው ቁጣው የመጣው፤ ግን የመኪናው ድምፅም አብሮ መጣ።

መኪናው ሄድ ቆም እያለ ነበር የሚመጣው። ቀለበቱን ሲያዞሩ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠጋል። ደምሴ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። እኔ ልቤ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው፤ ዝማሬው ይሰማኝ እንደሆነ አዳምጣለሁ፤ አይሰማም። ርቀዋል ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሩ በእርግጫ ተከፈተ። የፖሊሱ አለቃ ማሬሻሎ ነበር፤ ከኋላው ወታደሮች። ቤቱን አየ፤ ጠጥተው የተዉትን ዋንጫ አየ፤ ከዚያ ደምሴን አየ።

«የታለ?» አለው በጣሊያንኛ። እኔን አይደለም የጠየቀው።

ደምሴ ወደ ባዶዎቹ መቀመጫዎች አየ። ማሬሻሎው በጥፊ አጮለው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የእኔ በጥፊ አላበቃም። ጋሼን ግን ሌላ ቦታ ሄደው አልፈለጉም፤ ሬዲዮው እየዘፈነ እኛ ጋ ሲመጡ ሽኝቱ ርቆ ነበር። ሁለታችንንም አስረው አወጡን። ሰፈሩ ግራና ቀኝ ቆሞ ያለቅሳል። «ሚዜው አልለይም ብሎ አብሮት ተያዘ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ደምሴ አንገቱን ደፋ፤ የደፋው ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሱን ወዲያው ፈቱት። እኔ ወህኒ ወረድኩ።

አስናቀች ስንቅ ስታመጣ ከሽቦው ወዲያ ቆማ ነው የምናወራው፤ መሃላችን ዘበኛ አለ፣ አማርኛ ያውቃል። አንድ ቀን ልጅ አዝላ መጣች። ወንድ ልጅ ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ።

«ክርስትና ተነሣ» አለችኝ። «አንተ ስለሌለህ ከፍቶኝ ነበር። እግዜር ይስጠው ደምሴ። የአራስ ጥሪውን፣ ገንፎውን፣ ሁሉንም ቻለኝ። ክርስትና ያነሣው እሱ ነው።»

ሽቦውን ጨበጥኩት።

«ምነው? ደስ አላለህም? ሌላ ማን አለን?»

ዘበኛው ያየኛል። ደምሴን ብናገር ጋሼንና አቶ ይልማን፣ ማኅበሩንም ሁሉ መናገሬ ነው።

«ደስ ብሎኛል» አልኳት።

ጣሊያን ሲወጣ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ በር ላይ ልጄን አቅፎ የቆመው ደምሴ ነው። ልጁ እኔን ሲያይ አለቀሰና በደምሴ አንገት ሥር ተሸሸገ። ጋሼ ከአርበኞቹ ጋር ሲገባ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ደምሴን አቅፎ መሳም ነበር። «የወንድሜን ቤት የጠበቅክ» አለው። እኔን ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ በቀልድም በምክርም መሃል ሆኖ «አንተ ግን ከእንግዲህ ሬዲዮ አትሥራ። ያ መሣሪያህ ሊያስፈጀን ነበር» አለኝ። ማኅበርተኛው ሳቀ። ደምሴ አልሳቀም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ።

በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብናገር ጋሼ እዚያው ይደፋዋል። የልጄን የክርስትና አባት፣ የሚስቴን ወንድም፣ በደጄ ላይ። መናገር ፈልጌ ነበር። ልጄ አንገቱን አቅፎታል፤ ተውኩት።

እሱም በሕይወቱ ሙሉ አንድም ቀን «ይቅር በለኝ» አላለኝም። ልጄን ግን አሳደገው፣ አስተማረው ማለት ይቀላል። ዓውደ ዓመት ሲመጣ አንድ ገበታ ላይ ተቀመጥን። ከሰው ፊት «ጥላዬ» ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን ሁለታችንም ዝም እንላለን። ክርስትና ልጁን ይወድ ነበር ወይስ ዕዳውን ይከፍል ነበር? ለይቼ አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እናንተ ወጣቶች «ምን ተማርክበት?» ትሉኝ ይሆናል። ሰውን አትመኑ አልላችሁም፤ ሳያምኑ ቤት አይሠራም። አንድን ሰው ብቻ ስሰማ ግን ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። ደምሴ ካለ በቃኝ ብዬ ጆሮዬን ለእሱ ብቻ አጥብቤ፣ እሱ ጎልቶ ጎልቶ ሲሰማኝ፣ በድምፁ ውስጥ የጎደለውን አላስተዋልኩም። ከዚያ ወዲህ በጣም የሚጎላብኝን ሰው ትንሽ ቀነስ አድርጌ እሰማለሁ። ሚስቴንም ጭምር፤ ነፍሷን ይማርና በዚህ ትቀየመኝ ነበር።

ደምሴ ከሞተ ሰንብቷል። ቀብሩ ላይ ልጄ እንደ አባቱ አለቀሰ፤ ሰው ሁሉ እኔን እየያዘ «ሚዜህን፣ የክፉ ቀን ጓደኛህን፣ እግዜር ያጥናህ» አለኝ። ዘንድሮ ልጄ ሙት ዓመቱን ሊደግስ ነው። ሰሞኑን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «አባዬ፣ ከእሱ ጋር የተያዛችሁባትን ቀን ለሰዉ ንገርልኝ። አንተም እሱም አውርታችሁልን አታውቁም። እሱ እኮ ላንተ ብሎ ነው የታሰረው» አለኝ።

ድግሱ ላይ ቆሜ መናገር አልችልም፤ ይኸው እዚህ ነገርኩህ ልጄ።